የነርሶች ደመወዝ፦ ትምህርቱ ሲያድግ መደቡ ባለበት ሲቆም

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በኾነው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚጀምር ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6 ሺህ 940 ብር ወደ 11 ሺህ 500 ብር ከፍ ብሏል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የክፍያ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደርሶ ስለነበር ማሻሻያው በጤና ተቋማት ውስጥ በጉጉት የተጠበቀ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የገበያው ዋጋ ከደመወዙ ቀድሞ እየሮጠ መኾኑም የሚዘነጋ አይደለም።

ብዙም ያልተነገረለት ጉዳይ ግን ከመነሻ ደመወዙ በላይ ያለው ነው። አንዲት ነርስ በትምህርት ላይ ትምህርት ስትጨምር ክፍያዋ አብሮ ያድጋልን?

በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል የምትሠራ ነርስን ማሰብ ይቻላል። ክብደቱ ከሁለት ኪሎ ግራም በታች ለኾነ ሕፃን መድኃኒት ስትለካ የጥቂት ነጠብጣብ ስህተት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የሕፃኑ አተነፋፈስ ሲለወጥ ሐኪም ከመድረሱ በፊት መለየት ያለባትም እርሷ ናት። ይህ ዕውቀት በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ አይገኝም። በሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በሕፃናት፣ በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን እንዲሁም በቀዶ ሕክምና ነርሲንግ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የሚሰጠው ለዚህ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደመወዝ የሚወሰነው በነጥብ የሥራ ምዘና ዘዴ ነው። ዘዴው የሚመዝነው የሥራ መደቡን እንጂ መደቡን የያዘውን ሰው አይደለም። መርሑ ትክክል ነው፤ ሥራው ሳይለወጥ የምስክር ወረቀት ስለተደራረበ ብቻ የሕዝብ ገንዘብ ሊከፈል አይገባም። ችግሩ የሚፈጠረው ሥራው በእርግጥ ተለውጦ መዋቅሩ ሳያውቀው ሲቀር ነው። ሆስፒታሉ የስፔሻሊቲ ነርስ መደብ ከሌለው፣ ተምራ የተመለሰችው ባለሙያ የምትቀመጠው ወደ ቀድሞ ወንበሯ፣ የምትፈርመውም በቀድሞው የደመወዝ መዝገብ ላይ ነው።

ያን ጊዜ ገቢዋን ለማሳደግ የሚቀርባት መንገድ ብዙ ማወቅ ሳይኾን ብዙ ማደር ይኾናል፤ የተረኝነት ክፍያ የሚቆጠረው በሰዓት ነውና። ሌሎቹ አማራጮች ወደ ዩኒቨርሲቲ መምህርነት፣ ወደ አሥተዳደር ወይም መንግሥታዊ ወዳልኾኑ ድርጅቶች መሄድ ናቸው። ሁሉም ከሕሙማኑ አልጋ የሚያርቁ ናቸው።

በአሜሪካ ያለው አሠራር በዚህ ረገድ የሚያስተምረው ነገር አለ። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን መሰላሉን ከታች ጀምረው ስለወጡት ያውቁታል። እንደ ሀገሪቱ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ፣ እ.አ.አ. በ2024 የፈቃድ ያላት ረዳት ነርስ መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 62 ሺህ 340 ዶላር፣ የተመዘገበች ነርስ 93 ሺህ 600፣ ሕክምና ሰጪ ነርስ 129 ሺህ 210፣ የሰመመን ነርስ ደግሞ 223 ሺህ 210 ዶላር ነበር።

ቁጥሮቹ ትምህርት በራሱ ገንዘብ ያመጣል የሚያሰኙ ይመስላሉ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በአሜሪካ የሁለት ዓመትም ኾነ የአራት ዓመት ትምህርት ያጠናቀቁ ነርሶች የሚፈተኑት አንድ ፈተና፣ የሚያገኙትም አንድ ዓይነት የሙያ ፈቃድ በመኾኑ በመነሻ ክፍያቸው መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ አይደለም። ደመወዙ የሚዘልለው ፈቃዱ ሲሰፋ፣ ነርሷ መርምራ መድኃኒት ማዘዝ ወይም ሰመመን መስጠት ስትችል ነው። ከኢትዮጵያ በዲግሪ ተመርቃ የሄደች ነርስም ማስረጃዋ ተመርምሮ ፈተናውን እስክታልፍ ድረስ ዲግሪዋ የነርስ ደመወዝ አያስገኝላትም።

ሥልጠናን ከመደብ ጋር አጣምሮ ማቀድ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥን የነበረው በጤና ጣቢያዎች በቡድን እንዲሠሩ ታስቦ ነው። ተማሪዋ ገና ከመመረቋ በፊት የሥራዋ ድርሻ ተለይቶ ይታወቅ ነበር። ዛሬ የጽኑ ሕሙማን ነርስ በምን ሥራ ላይ በራሷ እንደምትወስን፣ በየትኛው መደብ እንደምትቀመጥና መደቡ ስንት ነጥብ እንደሚያወጣ መወሰን የጤና ሚኒስቴር፣ የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽንና የክልል ጤና ቢሮዎች የጋራ ሥራ ነው።