ፍጥነቱን ከደባርቅ እንለካው

ሰሞኑን ሰርቨር ከሚያስተዳድሩ ጓደኞቻችን ጋር ቡና ስንጠጣ አንድ የቆየ ክርክር ተነሳ። አፓቼን ከቶምካት ጋር ሲያገናኙ የቱ ይፈጥናል? ሞድ ጄኬ፣ ሞድ ፕሮክሲ ኤጄፒ ወይስ ሞድ ፕሮክሲ ኤችቲቲፒ? ቡናው እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። እኛ ግን መለኪያውን ያስቀመጥነው የተሳሳተ ቦታ ይመስለናል።

ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ እንዲህ ነው። ብዙ ድረ ገጾች ከፊት እንግዳ የሚቀበል ሰርቨር አላቸው፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ከኋላ ያለው ነው። በሁለቱ መካከል ጥያቄና መልስ የሚያመላልሰው አገናኙ ነው። ኤጄፒ መልእክቱን አሳጥሮ ያስተላልፋል፤ ኤችቲቲፒ ደግሞ ሁሉም በሚያውቀው ቋንቋ ያወራል። ስለዚህ በፈተና ላይ ኤጄፒ በጥቂቱ ሊቀድም ይችላል።

መቼም ይሄ የኮምፒውተር ሰዎች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልጻፍንበት። ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በጃቫ የተሠራ ነው፤ እንዲህ ያለው ሥርዓት በተለምዶ ቶምካት ላይ፣ ከፕሮክሲ ጀርባ ሆኖ ይሠራል። የሰሜን ተራሮች ግርጌ ደግሞ ለመረጃ እንግዳ አይደለም። ዳባት ውስጥ የሕዝቡ ልደትና ሞት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመዘገብ ኖሯል።

እስቲ ደባርቅ ላይ በሞባይል ኔትወርክ ሪፖርት የምታስገባ የጤና ባለሙያ እናስብ። አንድ ምልልስ 300 ሚሊሰከንድ ቢወስድባት፣ መስመሩን ለመክፈት አንድ፣ መልእክቱን ለሚቆልፈው ቲኤልኤስ 1.2 ሁለት፣ ለጥያቄዋ ደግሞ አንድ ምልልስ ያስፈልጋታል። ገና መልሱ መምጣት ሲጀምር 1.2 ሰከንድ አልፏል። አንድ ክፍል ውስጥ ባሉ ሁለት ሰርቨሮች መካከል አንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ብናተርፍላት ምኗ ነው? ደባርቅ መናኸሪያ ላይ ዕቃው ቶሎ ስለተጫነ መኪናው ሊማሊሞን በፍጥነት አይወርድም!

ለእሷ የሚጠቅማት ሌላ ነው። ቲኤልኤስ 1.3 አንድ ሙሉ ምልልስ ይቀንስላታል። ገጹን ጨምቆ መላክና የማይለወጡ ምስሎችን ስልኳ ላይ ማስቀረትም እንዲሁ። ፕሮክሲው የቀርፋፋ መስመርን ጥያቄ ሰብስቦ ሲጨርስ ብቻ ለቶምካት ቢያቀብል ደግሞ ሌላው ወረፋ አይጠብቅም። ቶምካት ካልነኩት ባንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 200 ጥያቄ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ሁሉም ሪፖርት ሊያስገባ ሲጋፋ ይህ ቁጥር ከአገናኙ ስም ይበልጣል።

ለፍጥነት ብለን የምንከፍለውም ዋጋ አለ። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ጎስትካት የተባለው ቀዳዳ ይፋ ሲሆን፣ የኤጄፒ በራቸው ለውጭ ክፍት የነበረ ሰርቨሮች ፋይላቸው በሰርጎ ገብ ሊነበብ እንደሚችል ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ቶምካት ኤጄፒን በራሱ አይከፍተውም። የሕመምተኛ መረጃ ያለበት ቦታ ላይ ለአንድ ሚሊሰከንድ ብሎ በር መክፈት ምን ይባላል?

ልክ ነው፣ በሰከንድ ሺህ ጥያቄ ለሚያስተናግድ ቤት የአገናኙ ምርጫ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ይለካ። ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሲዘልቅ የትኛውም አገናኝ አላዳነንም። በዚያን ጊዜ የሚረዳው ቅጹን ያለ ኔትወርክ አስሞልቶ፣ መስመር ሲመጣ የሚልክ የስልክ መተግበሪያ ብቻ ነው።

እና ጓደኞቻችን፣ ቀጣዩን ፈተና ከሰርቨሩ ክፍል ሳይሆን ደባርቅ ካለ ስልክ አድርጉት። ያኔ የቱ እንደሚፈጥን ብቻ ሳይሆን ማን እየጠበቀን እንደሆነም እናውቃለን።

ቸር እንሰንብት!