«ረፍዶብሃል» ለምትሉ

እዚህ ጅግጅጋ 9ኛ ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ተማሪዎች አሉኝ። ድርቅ ሲመጣ ግመልና ከብት ተከትለው የሄዱ፣ ትምህርት ዘግይተው የጀመሩ ናቸው። ሰሞኑን አንዱ ሊጠይቅ እጁን ሲያወጣ ከኋላ «አባባ፣ ረፍዶብሃል!» ተባለ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። የባሰው ደግሞ ለመምህራን ስነግራቸው እነሱም መሳቃቸው ነው።

ወገን፣ ማርሽ ቀያሪውን ምሩፅ ይፍጠርን ረሳችሁት እንዴ? በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ፤ 5 ሺው ግን ሳይሮጥ አመለጠው። በ1968 ሞንትሪያል ላይ እክሳለሁ ሲል አፍሪካውያን በአፓርታይድ ምክንያት አንሳተፍም አሉ፣ የኛም ቡድን ቀረ። ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ ዕድሜው ግን ሄደ። በ1972 ሞስኮ ላይ ሲሰለፍ ብዙ መዝገቦች እንደሚሉት 36 ዓመቱ ነበር። በ10 ሺው 300 ሜትር ሲቀር ማርሹን ቀየረ፤ ወርቁን ወሰደ። 5 ሺውንም ደገመው።

«ስፖርት ሌላ፣ ትምህርት ሌላ» የሚለኝ አለ። እውነት ነው፣ ይለያያል። የሯጭ ጉልበት በዕድሜ ይደክማል፤ የ21 ዓመት ልጅ ጭንቅላት ግን ገና ምኑ ተነካና! ታዲያ አልጀብራ የሚረፍድበት በምን ሒሳብ ነው?

በ2009 ምሩፅ ካናዳ ውስጥ ሲያርፍ ሁላችንም ፎቶውን ለጥፈን «ጀግናችን» ብለናል። ጀግና ካልነው እንማርበታ! ነገ ያ ልጅ እጁን ሲያወጣ አትሳቁበት፤ ጥያቄውን መልሱለት።