ግማሽ ቀን ያለው ሰው የት ይቀመጥ?

ዝርዝር ይዞ የሚመጣ እንግዳ ያስፈራኛል። የሰሞኑ እንግዳዬ ዋሽንግተን ተወልዶ ያደገ የአክስቴ ልጅ ነው። ወደ ናይሮቢ ሲያልፍ አዲስ አበባ ላይ አንድ ቀን ተረፈኝ ብሎ፣ በጠዋቱ በረራ ከባለቤቱ ጋር ባሕር ዳር ከች አለ። ማታ ተመላሽ ነው። ስልኩ ላይ ጢስ ዓባይ፣ ዘጌ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ቤዛዊት፣ ቅዳሜ ገበያ ተደርድረዋል። «ጋሼ፣ እንደርሳለን አይደል?» ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

አመሉን ያመጣው ከኢስታንቡል ነው። እዚያ አየር መንገዱ ትራንዚት መንገደኛን በነጻ ከተማ ያስጎበኛል፤ ሲንጋፖርም እንዲሁ። ደግ አደረጉ። ጣና ላይ ግን መኪናው ጀልባ ነው፤ ጀልባ ደግሞ አይጣደፍም።

ጢስ ዓባይን ሰረዝኩበት። አቋሜ ይህ ነው፤ በግንቦት ወር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ድንጋይ ማየት ነው። ውኃው ጨረጨራ ግድብ ላይ በልክ ይለቀቃል፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ በዋሻ ይወስዳል። 460 ሜጋ ዋት ነውና መብራቱን አልጠላም። «ጢስ ዓባይን ሳያዩ ባሕር ዳርን አየሁ አይባልም» የሚሉኝ በነሐሴ ይምጡና እንነጋገር። የዘጌዋን ዑራ ኪዳነ ምሕረትንም ሰረዝኩ፤ የመቅደሱን ግድግዳ የሞላውን ሥዕል ሰዓት እያዩ ማለፍ ነውር ነው። ክብራንማ ሴት ስለማያስገባ ባለቤቱን ጀልባ ላይ ልናስቀምጣት ነበር።

ከዝርዝሩ ውጭ ደብረ ማርያም ደሴት ቀረ። ቅርብ ነው፤ ዓባይም ከሐይቁ ሲወጣ ከዚያው ይታያል። ባለ ጀልባው ከነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ ከአማራ ክልሉ ጦርነት ወዲህ፣ የውጭ እንግዳ እንደራቀው ነገረን። በዋጋ አልተከራከረኝም። የጣና ባለ ጀልባ በዋጋ ሳይከራከር ሲቀር ምን ያህል እንደከፋው ይገባችኋል።

ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ዓሣ በልቶ ሐይቁ ዳር ዝም ብሎ መቀመጥ ነበር። የት? ይኸው የድሮ ጠቤ ተነሣ። በእግር ብንሄድ አጥር፤ ከአጥሩ ቀጥሎ ዘበኛ፤ ከዘበኛው ቀጥሎ ሜኑ። የኮሪደር ልማቱ አንዳንዱን ከፍቶልናል፣ አልክድም። ሲጀመርስ ማን ዘጋው? «ሆቴል ሥራ ይፈጥራል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይፍጠር። ለእግረኛ መንገድ ትቶ መፍጠርም ይቻላል።

ተሸንፈን ማኪያቶ አዘዝን። የአክስቴ ልጅ ዝርዝሩን ረስቶታል። «እናቴ ልጅ ሆና ልብስ ታጥብ የነበረው የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ጣቴን ወደ አንድ ግንብ ቀሰርኩ። ከግንቡ ማዶ ምን እንዳለ እኔም አላውቅም፤ ገብቼ አዝዤ አላውቅማ።

ማዘጋጃ ቤት ያላችሁ ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ለክታችሁ ላኩልኝ። ሰው ምንም ሳያዝዝ የሚቀመጥበት የጣና ዳርቻ በከተማችን ዛሬ ስንት ሜትር ነው? ቁጥሩን በዚሁ ገጽ አወጣዋለሁ።