ከመቃብር በላይ የሚውለው ስም

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ራሱ ምንም ሳይሠራ የአያት የቅድመ አያቱን ስም እየቆጠረ፣ መቃብራቸውን እያሳየ ሊከበር የሚሻ ሰው ያጋጠመህ እንደ ሆነ፣ በኢጣልያ አገር በቬሮና ከተማ ያለውን መቃብር ንገረው።

በዚያች ከተማ፣ ሳንታ ማሪያ አንቲካ በምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ቬሮናን ከመቶ ዓመት በላይ የገዙት የዴላ ስካላ ቤተ ሰብ መቃብሮች ይገኛሉ። «ስካላ» ማለት መሰላል ነውና፣ በዙሪያው ያለው የብረት አጥር በመሰላል ምልክት የተሠራ ነው።

ታሪካቸውን እንመልከት፤ ዘመኑም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው። በ1329 የሞተው ካንግራንዴ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ በፈረስ ከተቀመጠ ምስሉ በታች ተቀበረ። የወንድሙ ልጅ ዳግማዊ ማስቲኖ በ1338 ዘመዱ የሆነውን የከተማይቱን ጳጳስ ገደለ፤ በ1351 ሲሞት ግን እርሱም በፈረሰኛ ምስል የከበረ መቃብር አገኘ። ልጁ ካንሲኞሪዮ በ1359 ወንድሙን ገድሎ ገዛ፤ በ1375 ሊሞት ሲል ደግሞ ያሰረውን ሌላውን ወንድሙን አስገደለ። ይህም ሰው ከሁሉ ያማረውንና ከሁሉ የረዘመውን መቃብር በሕይወቱ ሳለ አሠራ፤ ሰማዕቱን ጊዮርጊስንና ሌሎች ቅዱሳን ወታደሮችንም በዙሪያው አስቀረጸ። ልጆቹ ከአባታቸው የተማሩት ምን ነበር? በ1381 አንቶኒዮ ወንድሙን ባርቶሎሜዎን አስገደለ፤ በ1387ም ከተማይቱን ለሚላኖ ገዢ ለቆ ሸሸ። መቃብሩ ከፍ ባለ ቁጥር ምግባሩ ዝቅ አለ፤ ቤቱም ጠፋ።

«መቃብሩ ባይሠራ ማን ያስታውሳቸው ነበር? ውበቱስ ክብር አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ውበቱን አልክድም። ነገር ግን ውበቱ የጠራቢው የቦኒኖ ዳ ካምፒዮኔ እጅ ሥራ እንጂ የካንሲኞሪዮ ምግባር አይደለም። መታሰቡም እውነት ነው፤ ሐውልቱን ያየ መንገደኛ «ይህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም «ወንድሞቹን የገደለ» የሚል ነው። እንግዲህ ድንጋዩ ነውሩን ከፍ አድርጎ አሳየው እንጂ አልሸፈነውም።

ከእነርሱ መካከል ካንግራንዴ በበጎ የሚነሣው ከፈረሱ ምስል የተነሣ ነውን? አይደለም። ከአገሩ ከፊሬንዜ የተሰደደውን ባለ ቅኔ ዳንቴን በቤቱ ስለ ተቀበለ ነው። ለስደተኛ የተሰጠ ማደሪያ ከዕብነ በረድ ይልቅ ስሙን ጠበቀለት።

አባቶቻችን «ከመቃብር በላይ ስም ይውላል» ሲሉ የተናገሩት ስለ ድንጋይ ክምር አይደለም። ስለዚህ ወጣት ሆይ፣ አባትህ የት እንደ ተቀበረ ከመናገርህ በፊት ዛሬ ከወንድምህ ጋር እንዴት እንደምትኖር መርምር። የተጣላኸው ወንድም ቢኖር፣ ለሐውልት ገንዘብ ከማዋጣትህ አስቀድመህ ሂድና ታረቀው።