«ኛ»ን ለፍርድ ያቀረባችሁ ሆይ!

በምግብ አዳራሹም በመኝታ ቤቱም ሁለት ወገን ቆሞ ይሟገታል። አንደኛው ወገን «ኦሮምኛ» ማለት ንቀት ነው፤ ንቀቱም ያለው «ኛ» በምትባለው ፊደል ላይ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ «አፋን ኦሮሞ» ማለት አማርኛን ማበላሸት ነው ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

እስቲ ተከሳሿን እንመርምራት። ፈረሰኛ በፈረስ የሚሄድ ነው። ነገረኛ ነገር የሚወድ ነው። ሁለተኛ ከአንደኛ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ታዲያ በእነዚህ ውስጥ ቋንቋ የት አለ? የለም። «ኛ» ይህን ትርጉም ያገኘችው ከሕዝብና ከአገር ስም ጋር ውላ ስላደረች ነው። ዛሬማ ከመልመዷ የተነሣ የሌለ ቋንቋ እስከ መፍጠር ደርሳለች። ፈረንጅ የሚባል አንድ ሕዝብ ሳይኖር ፈረንጅኛ እንላለን። ጉራጊኛ ስንልም የተለያዩ የጉራጌ ቋንቋዎችን ጠቅልለን አንድ እናስመስላቸዋለን።

ንቀቱስ? እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ይህችኑ «ኛ» ተሸክመው ማን ናቃቸው? የትግርኛ ተናጋሪ የገዛ ቋንቋውን ትግርኛ ይል የለምን? ግዕዝም ያለ «ኛ» ይኖራል፤ ክብሩ አልጎደለም። በኦሮሞ ሕዝብ ቋንቋ ላይ ቀድሞ ይለጠፍ የነበረው ስም ስድብ የሆነው በግንዱ እንጂ በጫፉ አልነበረም።

እናንተም የአማርኛ ጠበቆች፣ አትቸኩሉ! «አፋን» ማለት አፍ፣ ቋንቋም ማለት ነው። ሶማሌው «አፍ ሶማሊ» ብሎ ከፊት ያስቀድመዋል፤ ሲዳማው «ሲዳሙ አፎ» ብሎ ከኋላ ያስከትለዋል። እኛስ «አፍ መፍቻ ቋንቋ» እንል የለምን? ስለዚህ እንግዳ ነገር አልመጣባችሁም። የሚያስቀው «የአፋን ኦሮሞ ቋንቋ» ብሎ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መጥራት ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ለቅጥያ ትርጉም የሚሰጣት ተናጋሪው ነው። ትርጉም በአጠቃቀም የሚመጣ ከሆነም፣ ባለቤቱ «እንዲህ ጥሩኝ» ሲል እንደ ወደደ መጥራት ጨዋነት ነው፤ በልማድ «ኦሮምኛ» ያለውንም ወንድም ጠላት ብሎ መወንጀል ግፍ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና ሰጥቷል። እውቅናው ግን በስም ክርክር ሥጋ አይለብስም። መዝገበ ቃላት፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የሠለጠነ መምህር ይፈልጋል። በአንዲት ፊደል ሌሊቱን ሙሉ ከምንሟገተው መካከል በጎረቤቱ ቋንቋ «እንደምን አደራችሁ» ማለት የሚችል ስንቱ ነው? የማይችል ሁሉ «ኛ»ን ከመክሰሱ በፊት ራሱን ይክሰስ!