ሰሙን የጣለ ወርቁን አያገኝም

ስለ ቅኔና ስለ ዘይቤ ስናስተምር «ወርቁ (የተሸሸገው ትርጉም) ምንድን ነው?» ለማለት እንቸኩላለን። ተማሪው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሳል፤ ላይ ላዩን የሚሰማው ቃል፣ ሰሙ፣ እንደ ልጣጭ ይጣላል። ይህ አካሄድ «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስያሜ የመጣበትን ሙያ ዘንግቷል። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ መጀመሪያ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በለቀቀው ቦታ ወርቁ ይፈሳል። «ታዲያ ሰሙ ጠፍቶ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጠፍቷል፤ የወርቁን መልክ ግን ያወጣለት እሱ ነው። በግጥም ደግሞ ሰሙ አይቀልጥም፤ ከወርቁ ጋር አብሮ ይኖራል።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት እንውሰድ። ፍቺው «ሀብት በደጁ ያለው ሰው ተቸገረ» ነው ብለን ብናልፍ ሐሳቡ ይደርሳል፣ ምሬቱ ግን ይቀራል። ምሬቱ ያለው አፈሩን ጠርጎ ወደ ሱዳንና ግብፅ በሚወርደው ወንዝና ዳር ቆሞ በደረቀው ጉሮሮ ውስጥ ነው። የቃሉ ድምፅም የሰሙ አካል ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ይናገራል። ሰምና ወርቁን በአንድነት የያዘው ኅብረ ቃል ብዙ ጊዜ የሚሸሸገው እዚህ ነውና በዓይኑ ብቻ ያነበበ ያልፈዋል፤ ድምፁን አውጥቶ አጥብቆም አላልቶም የሞከረ ያገኘዋል።

ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ እንቶኔ እያሉ የዘይቤ ስሞችን ማስጠናት ለፈተና ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ያስፈልጋል፤ ግን ስም ማወቅ መረዳት አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ግስ እያጠና ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ራሱ ይቀኛል፤ ሰም ማበጀት ምን ያህል እንደሚከብድ በእጁ ስለሚያውቅ የሌላውን ሰም አይንቅም። ከበድ ያለው ተቃውሞ የአሜሪካዊው ምሁር የዶናልድ ሌቪን ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘ መጽሐፉ፣ ለድርብ ትርጉም ያለን ፍቅር ዘመናዊ ኑሮ ከሚጠይቀው ግልጽነት ጋር እንደሚጋጭ ተከራክሯል። ሕግና የመድኃኒት ማዘዣ አንድ ትርጉም ብቻ ሊኖራቸው ይገባል፤ በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ንግግር ሁሉ እንደ ማዘዣ አይነገርም። ከቃሉ በስተጀርባ ሌላ ቃል መስማት የለመደ ጆሮ በዲስኩርና በማስታወቂያ በቀላሉ አይታለልም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ወርቁን ከመጠየቃችሁ በፊት ተማሪው ሰሙን ይይ፣ ይስማ፣ ከቻለም ራሱ ይሥራ። ወርቁን ያኔ ሳይነገረው ያገኘዋል።