ጨሌና ጠገራ ብር

የዚህን እትም ሽፋን ለወርቅ ሳይሆን ለጨሌ፣ ማለትም ለመስታወት ዶቃ፣ የሰጠነው አስበንበት ነው። ጨሌ ወደ አገራችን ከገባባቸው መንገዶች አንዱ ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወስደው ነው። በዚህ የቆየ የንግድ መስመር ቡናና ሰም ወደ ሱዳን ሲወርድ፣ ጠገራ ብርና የመስታወት ዶቃ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር።

ጠገራ ብሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከ1780 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየትኛውም ዘመን ቢመታ የተቀረጸበት ዓመት ያው 1780 ነው። ገበያተኛው በብሩ ላይ የተቀረጸችውን የኦስትሪያ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛን የትከሻ ፈርጥና የዘውድ ዕንቁ በጣቱ ዳስሶ፣ ነጥቦቹን ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው። አንጥረኛው ማንጠልጠያ ሲበይድበት የአንገት ጌጥ ይሆናል፤ ሲያቀልጠው ደግሞ መስቀል፣ አምባር፣ አልቦ።

ዶቃውስ? በቦሄሚያ ያብሎኔትስ የተባለችው የመስታወት ከተማ ለአፍሪካ ገበያ ዶቃ፣ ለፓሪስ ፋሽን ቤቶች ደግሞ ፈርጥ ትሠራ ነበር። የፓሪስ ፋሽን ንድፍ አውጪዋ ኮኮ ሻኔል በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰው ሠራሽ ዕንቁን ከእውነተኛው ጋር ደባልቃ አጠለቀች። የእሷም ሆነ የጌጥ ንድፍ አውጪዋ የሚሪያም ሃስኬል አሮጌ አርቲፊሻል ጌጦች ዛሬ በጨረታ በውድ ይሸጣሉ፤ ገዢው የሚከፍለው ለብረቱ ሳይሆን ለንድፉና ለእጅ ሥራው ነው። የኛ ጌጥ ግን እስካሁን በሚዛን ይሸጣል፤ ይህ ያንገበግበናል።

ውድ አንባብያን፣ በቤታችሁ አሮጌ ጨሌ ወይም ጠገራ ብር ካለ፣ ከመሸጣችሁ በፊት የማን እንደነበረና ማን እንደሠራው እናቶቻችሁን ጠይቁና ጻፉልን።


አዘጋጁ